ኦቾሎኒ ብሉ፤ ግን ለቅማችሁ

እኛ ዲፓርትመንት ውስጥ የኦቾሎኒ ወሬ ከተነሳ ክርክሩ ቶሎ አይቋጭም። አንዱ «ቅባት ብቻ እኮ ነው፤ ያወፍራል፣ ኮሌስትሮል ያመጣል» ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ «የድሃ ሥጋ ነው፤ እሱን እየበላ የታመመ አላየሁም» ይላል። ብጉር ያወጣብኛል ብሎ ከነአካቴው የተወውም አለ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን ሁሉም የሚከራከሩት ስለ ፍሬው ነው። እኔ ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ያለው ፍሬው ውስጥ ሳይሆን ፍሬው ላይ በሚበቅለው ሻጋታ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ በዚህች ጽሑፍ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ኦቾሎኒን አዘውትሮ በልክ መብላት ለጤና ይጠቅማል። ይህን ጥቅም የምናገኘው ግን ንጹሕ ኦቾሎኒ ስንበላ ነው። አገራችን ውስጥ ንጹሑን ካልተለቀመው የሚለይልን ማንም ስለሌለ፣ ለጊዜው ያለን መከላከያ ዓይናችንና ጣታችን ብቻ ነው። ይህ መሆን የለበትም የሚለውንም መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ፍሬው ምን ይዟል?

ኦቾሎኒ፣ አንዳንዶቻችን ለውዝ የምንለው፣ የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው። ልዩ የሚያደርገው አፈራሩ ነው። አበባው ከመሬት በላይ ያብባል፤ ከዚያ ከአበባው ሥር እንደ መርፌ ያለ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ወደ ታች ይወርድና አፈር ውስጥ ይገባል። ፍሬው የሚይዘውና የሚበስለው እዚያው አፈር ውስጥ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

100 ግራም ኦቾሎኒ ውስጥ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 49 ግራም ያህል ቅባት፣ 8 ግራም ያህል አሰር እናገኛለን፤ ጉልበቱ ደግሞ 567 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ጭብጥ፣ ማለትም 30 ግራም ያህል ብንወስድ፣ ከ7 ግራም ያላነሰ ፕሮቲንና 170 ኪሎ ካሎሪ ይሰጠናል። በፕሮቲን መጠን ከአንድ እንቁላል አይተናነስም ማለት ነው። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በማይቀመስባቸው የጾም ቀናት፣ እነሱም ለጿሚው ተማሪ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይሆናሉ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ የኦቾሎኒ ፕሮቲን ብቻውን የተሟላ አይደለም፤ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። ምስርና ሽሮ ግን ላይሲን ስላላቸው የካፌያችን ወጥ ጉድለቱን ይሞላዋል።

ቅባቱ ብዙ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኛው በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ዓይነት ቅባት ነው፤ ከ49 ግራሙ ውስጥ በቀላሉ የሚረጋው ዓይነት ከ6 እስከ 7 ግራም ብቻ ነው። ኮሌስትሮል ደግሞ በእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ እንዲህ ባለ የዕፅዋት ምግብ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ኮሌስትሮል አለው» የሚለውን ክርክር እዚህ ላይ ብንዘጋው ጥሩ ነው። «ያወፍራል» የሚለው ግን እንደ አበላላችን ነው። ፊልም እያዩ ሳያስቡት 100 ግራም የጨረሰ ሰው የአንድ ሙሉ ምሳ ጉልበት ጨምሯል። አንድ ጭብጥ በልቶ ብስኩቱንና ሳምቡሳውን የተወ ግን ምንም አልጎዳውም፤ እንዲያውም ፕሮቲኑና አሰሩ ቶሎ እንዳይርበው ያደርጉታል።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

እ.ኤ.አ. በ2002 ከ83,000 በላይ አሜሪካውያን ነርሶችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የኦቾሎኒ ቅቤ የሚበሉት ሴቶች፣ ጨርሶ ከማይበሉት ወይም እምብዛም ከማይበሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 21 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። 

እዚህ ላይ «እነሱ ሀብታም ናቸው፣ ሌላውም ምግባቸው ጥሩ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለዚህ የሚሻለው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሌላ ጥናት ነው። በደቡባዊ አሜሪካ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ጥቁሮችና ነጮች፣ እንዲሁም የሻንጋይ ነዋሪዎች፣ በድምሩ ከ200,000 በላይ ሰዎች ተካትተውበታል። የአሜሪካዎቹ ድሆች የሚበሉት በአብዛኛው ውዱን ለውዝ ሳይሆን ተራውን ኦቾሎኒ ነው። ብዙ የሚበሉት ሰዎች በተከታታይ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው አሜሪካ ውስጥ በ21 በመቶ፣ ሻንጋይ ውስጥ በ17 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ታየ፤ ልዩነቱ ጎልቶ የወጣውም በልብ በሽታ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ክትትል «ኦቾሎኒው ነው ያዳናቸው» ብሎ አፍን ሞልቶ አያናግርም፤ የሚበሉት ሰዎች በሌላም ነገር ሊለዩ ይችላሉ። ሆኖም በተለያየ አገርና ኑሮ ውስጥ ተመሳሳይ ውጤት ሲደጋገም ችላ የሚባል አይደለም።

በዚያው ዓመት ከኔዘርላንድስ የወጣው ጥናት ደግሞ ሁለት ነገር ጨመረልን። አንደኛ፣ ጥቅሙን ለማግኘት በቀን 15 ግራም ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መብላት ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም። ሁለተኛ፣ ፍሬውን በሚበሉት ላይ የታየው ጥቅም የኦቾሎኒ ቅቤ በሚበሉት ላይ አልታየም። ተመራማሪዎቹ ቅቤው ውስጥ የሚጨመረውን ጨውና በፋብሪካ እንዲረጋ የተደረገውን ዘይት ጠርጥረዋል። የነርሶቹ ጥናት ቅቤውን ደግፎ ሳለ የኔዘርላንድሱ አለመደገፉ፣ ጉዳዩ ማሰሮው ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን ውስጥ በገባው ነገር እንደሆነ ይጠቁማል። ስለዚህ ቅቤ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ኦቾሎኒና ትንሽ ጨው ብቻ ከሆነ መልካም፤ ስኳርና የረጋ ዘይት ከተደረደረበት ግን ዋጋ የምትከፍሉት ለሌላ ነገር ነው።

ስለ ሕፃናት ባጭሩ ልበል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የለንደን ሙከራ 640 ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናትን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹ ከመጀመሪያው ዓመታቸው ጀምሮ ኦቾሎኒ እንዲበሉ፣ ግማሾቹ እንዲርቁ አደረገ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው አለርጂ የወጣባቸው ከራቁት 17 በመቶ ሲሆኑ፣ ከበሉት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሙከራ የተሠራው በሐኪም ክትትል መሆኑ ግን መረሳት የለበትም። ሙሉ ፍሬውን ደግሞ ለትንሽ ልጅ መስጠት አይገባም፤ ጉሮሮው ላይ ተቀርቅሮ ሊያንቀው ይችላል። አለርጂ ያለበት ሰውም ይህ ሁሉ ምክር አይመለከተውም፤ እሱ ጨርሶ መራቅ ነው ያለበት።

አሁን ወደ ሻጋታው

ፍሬው የሚበስለው አፈር ውስጥ ነው ብያለሁ። አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው ሻጋታም ቤቱ አፈር ነው። ሰብሉ ሊደርስ ሲል ድርቅ ከመታው፣ ቅርፊቱን ምስጥ ወይም ዶማ ከሰነጠቀው፣ ወይም ከተነቀለ በኋላ ሳይደርቅ ከተከመረ፣ ሻጋታው ይገባና አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያመርታል። 

መርዙ የታወቀውም በኦቾሎኒ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲመረመር ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው ኖሯል። ዛሬ አፍላቶክሲን በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ዘንድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ተመዝግቧል። በብዛት ከተበላ ወዲያውም ይገድላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በተበከለ በቆሎ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። 

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ኦቾሎኒ አምራች አካባቢዎች ከገበሬ ጎተራና ከገበያ ተሰብስበው ከተመረመሩ 120 ናሙናዎች 93ቱ ላይ አፍላቶክሲን መገኘቱን እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ገልጿል። አሜሪካ ለምግብ የምትፈቅደው ወሰን በኪሎ 20 ማይክሮግራም፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በቀጥታ ለሚበላ ኦቾሎኒ 4 ማይክሮግራም ነው። ከናሙናዎቹ አንዳንዱ ላይ የተገኘው ከአሜሪካኑ ወሰን በመቶ እጥፍ የሚበልጥ ነበር።

ጉዳቱ ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይደለም። ሻንጋይ ውስጥ ከ18,000 በላይ ወንዶችን የተከታተለ ጥናት፣ በሽንት ምርመራ አፍላቶክሲን የተገኘባቸው በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ወደ 3 እጥፍ፣ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያለባቸው ወደ 7 እጥፍ፣ ሁለቱም ያለባቸው ግን ወደ 60 እጥፍ ከፍ ብሎ አገኘው። ሦስትና ሰባት ሲደመሩ 10 ናቸው፤ ጉበት ላይ ግን 60 ሆኑ። አገራችን ውስጥ በተለያዩ ጊዜያት የተሠሩ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ከ100 ወደ 7 ይጠጋል። ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድን በሕፃንነታችን አላገኘነውም። እንግዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ያለን ተማሪዎች ቁጥራችንን እናስብና ስንቶቻችን እንደምንሆን እናስላው። 

«ቢቆላ ይሞታል» እና ሌሎች መልሶች

ይህን ሳወራ መጀመሪያ የሚመጣልኝ መልስ «ቢቆላ ይሞታል» የሚል ነው። ሻጋታው አዎ ይሞታል፤ መርዙ ግን ሕይወት ያለው ነገር አይደለም የሚሞተው። መቁላት መጠኑን በከፊል ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። 

ሁለተኛው መልስ «አባቶቻችንም በልተውት ኖረዋል» ነው። ኖረዋል፤ በጉበት በሽታም ሞተዋል። «ወፍ መታው»፣ «ሆዱ አበጠ» እየተባለ የተቀበረው ሁሉ ከምን እንደታመመ ማን መረመረው? ከአፍላቶክሲን ነው እያልኩ አይደለም፤ ከሱ አይደለም ብሎ መማልም አይቻልም ለማለት ነው።

ሦስተኛው «የተበላሸውን ለከብት እንስጠው» ነው። ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን መልኩን ለውጦ በወተቷ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአዲስ አበባና አካባቢዋ ወተት ያነጋገረውም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ያኔ የተጠረጠረው በዋናነት የኑግ ፋጉሎ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

አራተኛው መልስ ግን የእናቴ ነው፤ ከሁሉም የከበደኝም እሱ ነው። እኔ ያደግሁት ምሥራቅ ሐረርጌ ነው፤ ቤተሰቦቼ ዛሬም ኦቾሎኒ ያመርታሉ። እኛ ቤት እንደ ብዙው ቤት ሙሉው ፍሬ ለነጋዴ ይሄዳል። የተሸበሸበው፣ የተሰበረውና ቀለሙ የጠቆረው ለቤት ይቀራል፤ ተፈጭቶ ለልጆቹ ይሰጣል። አፍላቶክሲን በብዛት የሚከማቸው ደግሞ እነዚያው ፍሬዎች ላይ ነው። ለእረፍት ሄጄ ይህን ሳስረዳት እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ልድፋው ልጄ? የስንት ወር ልፋት እኮ ነው» አለችኝ። ሌክቸር ላይ የተማርኩት ሁሉ ለዚህች ጥያቄ መልስ አልሆነኝም። ለተራበ ቤት «ጣሉት» ማለት ምክር አይባልም። የሚባለው፣ መጀመሪያውኑ የሚጣል እንዳይበዛ ምን እናድርግ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ከጊኒ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሙከራ 20 መንደሮችን ወሰደ። አሥሩ መንደሮች ኦቾሎኒያቸውን መሬት ላይ ሳይሆን ምንጣፍ ላይ በደንብ እንዲያደርቁ፣ የሻገተውንና የተሰነጠቀውን በእጅ እንዲለቅሙ፣ አየር በሚያስገባ የቃጫ ጆንያ እንዲያስቀምጡ፣ ጆንያውንም ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ እንዲደረድሩ ተደረገ። ተባይ መከላከያም ተሰጣቸው። ሌሎቹ አሥሩ እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ። ከአምስት ወር በኋላ ደማቸው ሲመረመር፣ የመጀመሪያዎቹ መንደሮች ነዋሪዎች ላይ የተገኘው የአፍላቶክሲን ምልክት ከሌሎቹ ከግማሽ በታች ነበር። ምንጣፍ፣ ጆንያ፣ እንጨትና ጣት! ይህ ባቢሌና ፈዲስ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ እኛ በላተኞቹ። ከሱቅ በደረቴ በሲኒ ተሰፍሮ የገዛነውን ኦቾሎኒ ከወረቀቱ ወደ አፍ ከመወርወር በፊት መዳፋችን ላይ እንዘርጋው። የተሸበሸበውን፣ የጠቆረውን፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ዱቄት ያለበትን እናውጣ። ስናኝከው የመረረንን እንትፋው፤ «ብር አውጥቼበታለሁ» ብለን አንዋጠው። ዓይን ሁሉንም አይይዝም፤ ንጹሕ የሚመስል ፍሬም መርዝ ሊኖረው ይችላል። ሆኖም መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ስለሚከማች መልቀም ብዙውን ይቀንሳል።

የኦቾሎኒ ቅቤና በሻይ ቤት የምንጠጣው የኦቾሎኒ ሻይ ላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ፍሬው ከተፈጨ ዓይናችን ሥራ ፈታ። መጥፎዋ ፍሬ ከመቶ ጥሩዎች ጋር ተለውሳ ማሰሮው ሁሉ እሷን ይሆናል። ስለዚህ ቅቤ የምትወዱ ከቻላችሁ ለቅማችሁ፣ ቆልታችሁ፣ ራሳችሁ አስፈጩ፤ ካልቻላችሁ ደግሞ ሻጩን «ሳይፈጭ በፊት ተለቅሟል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጠያቂ ሲበዛ ለቃሚ ይበዛል።

ዋጋውንም መሸሽ የለብንም። የተለቀመ ኦቾሎኒ ጉልበት ስለወጣበትና የተጣለ ስላለው መወደዱ አይቀርም። «ርካሹን ስጠኝ» የምንል ከሆነ፣ ነጋዴው የተለቀመውን ለሚከፍለው ገዢ ሰጥቶ ግርዱን ለኛ ያመጣል፤ ልክ ሙሉው ፍሬ ለገበያ፣ የተሸበሸበው ለቤት እንደሚሆነው። 

ሁለተኛው ዲፓርትመንታችን ነው። ቤተ ሙከራችን ውስጥ ማድረቂያ ምድጃና ሚዛን አለ። የደረቀ ኦቾሎኒ እርጥበቱ ወደ 7 በመቶ ወርዶ መቀመጥ እንዳለበት ሁላችንም ተምረናል። በየዓመቱ ስንት ተመራቂ የፕሮጀክት ርዕስ ሲፈልግ ይከርማል! አዲሱ ምርት ገበያ በሚገባበት ሰሞን በግቢያችን ዙሪያ ከሚሸጠው ኦቾሎኒ ናሙና እየወሰድን እርጥበቱን ብንለካ፣ የተበላሸውን ፍሬ በመቶኛ ብናሰላ፣ አቅም በተገኘ ጊዜም የአፍላቶክሲን ምርመራ ብናስደርግና ውጤቱን የሻጭ ስም ሳንጠራ እዚህችው መጽሔት ላይ ብናወጣ ምን ይጎድልብናል? ሻጮቹን ልንከሳቸው አይደለም። ወጣቶቹም እናቶቹም በዚያች ሳህን ነው የሚያድሩት። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን አለቃቀሙን ብናሳያቸውና «ይህ የተለቀመ ነው» ብለው ሲሸጡ ትንሽ ጨምረን ብንገዛቸው እነሱም እኛም እንጠቀማለን።

የምግብ ሳይንስ የሚማር ሰው «ኦቾሎኒ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ቃል መመለስ ያለበት አይመስለኝም። «የቱ ኦቾሎኒ? የት የደረቀ? ማን የለቀመው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እኔ በበኩሌ በቀን አንድ ጭብጤን አልተውም፤ ቤተሰቦቼም ማምረታቸውን እንዲተዉ አልመክርም። ለመጪው መኸር ግን ለእናቴ ሁለት ሰፋፊ ምንጣፍና የቃጫ ጆንያ ይዤላት እሄዳለሁ። ዲፓርትመንታችን ደግሞ ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ መልሱን ለመምህራኖቻችንና ለናንተ እተዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።